ያቺን ቀዳዳ ከመንካታችሁ በፊት

ዋይፋይ ሲጠፋ በየቤቱ የሚሆነው ነገር አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ሁሉም ስልኩን ያያል። «እናንተ ጋ አለ?» «እኔ ጋም የለም።» እናት ከአክስት ጋር የጀመሩት የኢሞ ጥሪ ፊት ላይ ደርቆ ቀርቷል። ከዚያ «ኮምፒዩተር ይችላል» የተባለው ልጅ ይጠራል። ይህን ጽሑፍ በስልካችሁ የምታነቡ ከሆነ ያ ልጅ እናንተ ለመሆናችሁ ብዙም አልጠራጠርም። ልጁ ከቲቪው ጀርባ አቧራ የጠጣውን ሳጥን ይጎትታል፣ ነቅሎ ይሰካል፣ ትንሽ ይጠብቃል። እምቢ ሲለው የሲም ካርድ ማውጫዋን ቀጭን ብረት ወይም መርፌ ቁልፍ ያመጣና ከሳጥኑ ጀርባ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ይከታል። አስር ሰከንድ። መብራቶቹ ሁሉ አንዴ ጥፍት ብለው ይመለሳሉ። ሁሉም «እሺ፣ አሁንስ?» ይላል።

አሁንማ ባሰ።

የዛሬው ነገሬ ከዚህች ቀዳዳ ጋር ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለቤት ኢንተርኔት በየወሩ የሚከፍል ሰው የመስመሩ ዩዘርኔምና ፓስዎርድ መስመሩ በገባለት ቀን በወረቀት ተጽፎ ሊሰጠው ይገባል። ሳይጠይቅ። ያ እስኪሆን ድረስ ደግሞ እኛ መርፌያችንን ወደ መሳቢያው እንመልስ።

ለምን እንደዚህ እንደምል ለመረዳት ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ራውተር ለብዙዎቻችን «ዋይፋይ» ነው፤ ስሙም እሱ ሆኖ ቀርቷል። ግን ዋይፋይ ከሳጥኑ በሮች አንዱ ብቻ ነው። በሙያው ቋንቋ በሮቹ «ኢንተርፌስ» ይባላሉ። አንደኛው ወደ ውጪ የሚያስወጣው ዋናው በር ነው፤ ሴቲንጉ ውስጥ «ዋን» ተብሎ ታገኙታላችሁ። ከጀርባ የተደረደሩት፣ ብዙ ጊዜ አራት የሆኑት የኬብል መሰኪያዎች ደግሞ «ላን» ናቸው፤ የቤት ውስጥ በሮች በሏቸው። ዋይፋዩ ራሱን የቻለ በር ነው፤ አዳዲሶቹ ሳጥኖች ላይ እንዲያውም ሁለት ነው። አንዱ በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሌላው በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራል። የመጀመሪያው ግድግዳ አልፎ ራቅ ይላል፤ ሁለተኛው ይፈጥናል፣ ግን ከሳሎን መኝታ ቤት እስኪደርስ ይደክመዋል።

እነዚህ በሮች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይዘጋሉ፣ ለብቻቸው ይከፈታሉ፣ ለብቻቸውም ይበላሻሉ። የግቢው በር አልከፈት ስላለው የመኝታ ቤቱን በር ገንጥሎ የሚጥል ሰው የለም። ራውተር ላይ ግን የምናደርገው ይሄንኑ ነው፤ ይባስ ብለን ቤቱን በሙሉ አፍርሰን ከመሠረቱ እንጀምራለን።

ስለዚህ ኔት ሲጠፋ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው በር ነው?» የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ ስልካችሁ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል፤ ግን በትክክል ካነበባችሁት ብቻ። ስልኩ ላይ የምታዩት የዋይፋይ ምልክት የሚነግራችሁ ስለ ሳሎናችሁ ነው፣ ስለ ኢንተርኔቱ አይደለም። በስልካችሁና በሳጥኑ መካከል ያለውን ርቀትና ጥንካሬ ነው የሚያሳየው። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ምንም ገጽ ካልከፈተ ዋይፋያችሁ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ወደ ውጪ የሚያስወጣው በር ነው። በተቃራኒው የዋይፋያችሁ ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከጠፋና በኬብል የተያያዘው ኮምፒዩተር ግን የሚሠራ ከሆነ፣ ከውጪው መስመር ጋር ምንም ጠብ የላችሁም። ምናልባት ቤት ሲጸዳ ሳጥኑ ጎን ላይ ያለችውን የዋይፋይ ማጥፊያ አንድ ሰው ነክቷት ይሆናል። ይሄ ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል።

መብራቶቹንም ልመዱ። ፋይበር የገባላችሁ ከሆነ «ኤል ኦ ኤስ» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ፣ በፋይበሩ ውስጥ መምጣት ያለበት ብርሃን ሳጥናችሁ ድረስ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ወይ ክሩ ተቆርጧል፣ ወይ አንድ ቦታ ከመጠን በላይ ታጥፏል፣ ወይ መሰኪያው ላልቷል። ይህን በመርፌም በጸሎትም ሪሴት አታደርጉትም፤ መሰኪያውን አይታችሁ መደወል ነው። ፋይበር ስስ የመስታወት ክር ነው፤ ሶፋ ከግድግዳ ጋር ሲያጣብቀው እንደ መብራት ገመድ አይታገስም። በስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ከሆነ ደግሞ «ዲ ኤስ ኤል» የሚለው መብራት ረግቶ መብራት አለበት። ብልጭ ድርግም እያለ ከቀጠለ ሳጥኑ ከማዶው ጋር ገና አልተግባባም፤ የስልክ ገመዱንና ማከፋፈያዋን ተመልከቱ።

መብራቶቹ ሁሉ ደህና ሆነው «ኢንተርኔት» የሚለው ብቻ ከጠፋስ? ይሄ ነው ዋናው ጨዋታ፤ መርፌውም ብዙ ጊዜ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

በብዙ ቤቶች ውጪውን በር የሚከፍተው «ፒፒፒኦኢ» የሚባል አሠራር ነው። ስሙ ያስጠላል፣ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። ሳጥናችሁ በተነሣ ቁጥር ለአገልግሎት ሰጪው «እኔ እገሌ ነኝ፣ ፓስዎርዴም ይሄ ነው» ብሎ ይገባል። ማዶ ያለው ማሽን ካመነው አድራሻ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ኔት ያገኛል። ፌስቡካችሁ ውስጥ እንደምትገቡት ማለት ነው፤ ልዩነቱ እናንተ ሳታዩት ሳጥኑ በየጊዜው የሚያደርገው መሆኑ ብቻ ነው። መብራት ድንገት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዴ የማዶው ማሽን «ይሄ ሰው እኮ ገና ውስጥ ነው፣ መቼ ወጣ?» ብሎ አዲሱን መግቢያ ይከለክላል። የድሮው መዝገብ እስኪጸዳ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። እናንተ በዚህች ደቂቃ ውስጥ ትዕግስት ካጣችሁ ነገሩ ይበላሻል።

ኮምፒዩተር ሳይንስ ወይም አይቲ የተማራችሁ «ኖ ሻትዳውን» የምትለዋን ትዕዛዝ አትረሷትም። የሲስኮ ራውተር በሮች አዲስ ሲመጡ ተዘግተው ነው። አንዱን ለመክፈት «ክፈት» አይባልም፤ «አትዝጋ» ነው የሚባለው። ለላብ ፈተና ሁሉንም ነገር በትክክል ሠርቶ ይህችን አንዲት መስመር ረስቶ ያላበው ተማሪ ብዙ ነው። ግን ከዚያ ልምምድ ውስጥ ወደ ቤት መምጣት የነበረበት ቁም ነገር አለ። ባለሙያ አንድ በር ሲታመምበት ያን በር ብቻ ዘግቶ ይከፍታል። የቤታችሁም ሳጥን ይህን ያውቃል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ የ«ዋን» ገጽ ላይ «ዲስኮኔክት» ብላችሁ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ «ኮኔክት» ብትሉ ውጪው በር ብቻ ተዘግቶ ይከፈታል። ዋይፋዩ አይጠፋም፣ የማንም ፓስዎርድ አይቀየርም።

ይህ ካልሠራ ሪስታርት አለ፤ ነቅሎ መሰካት። ሪስታርትን አንንቅ። ራውተር ትንሽ ኮምፒዩተር ነው፤ ከየትኛው ስልክ የወጣ ጥያቄ መልሱ ወደ የት እንደሚመለስ የሚመዘግብበት ሰንጠረዥ አለው። ለወራት ሳይጠፋ የሠራ ርካሽ ሳጥን ይህ ሰንጠረዥ ሊሞላበት፣ ሜሞሪው ሊጨናነቅበት ይችላል። ነቅሎ መሰካት ያጸዳዋል። ብቻ ነቅላችሁ ወዲያው አትሰኩት፤ ሰላሳ ሰከንድ ያህል ስጡት፣ ከሰካችሁት በኋላም ሦስት አራት ደቂቃ ታገሱት። ሪስታርት የሚያጠፋው ሳጥኑ ለጊዜው ያሰበውን ነው። የተጻፈበት ሁሉ፣ ማለትም ዩዘርኔሙ፣ ፓስዎርዱ፣ የዋይፋያችሁ ስም፣ እንዳለ ይቀራል።

ሪሴት ግን ሌላ ነገር ነው። ሪስታርትና ሪሴት በአፋችን ላይ አንድ ስለሆኑ በተግባርም አንድ አስመስለናቸዋል። ቀዳዳዋን ስትጫኑ ሳጥኑ ከፋብሪካ የወጣበትን ቀን ይሆናል። ስለ እናንተ ቤት የሚያውቀው ነገር የለም። ዩዘርኔሙ የለም፣ ፋይበር ላይ የሚሞላው የመስመር ቁጥር የለም፣ የሰጣችሁት የዋይፋይ ስም የለም። አንዳንድ የፋይበር ሳጥኖች ከድርጅቱ ማዕከል በራሳቸው መልሰው ይሞላሉ፤ ብዙዎቹ ግን አይሞሉም፤ የእናንተ የትኛው እንደሆነ በመርፌ መሞከር የሚመከር አይደለም።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ዓለም በደንብ ያየበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 የአሜሪካው ኤፍቢአይ በመላው ዓለም ያሉ የቤትና የትንሽ ቢሮ ራውተር ባለቤቶች ሳጥናቸውን ሪስታርት እንዲያደርጉ ጠየቀ። ምክንያቱ «ቪፒኤንፊልተር» የተባለ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ነበር፤ የሲስኮ ተመራማሪዎች ቢያንስ በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎች ውስጥ መግባቱን ገምተው ነበር። ሪስታርት ማድረግ ክፉውን ክፍል ያራግፈዋል፤ ሥሩ ግን እዚያው ይቀራል። ሥሩን የሚነቅለው ሙሉ ሪሴት ብቻ ነበር። እንግዲህ ያቺ ቀዳዳ የተሠራችው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ወይም ሳጥኑን ለሌላ ሰው ስትሰጡት። ወይም የሴቲንጉ መግቢያ ፓስዎርድ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋባችሁ። ዩቲዩብ ስለዘገየ የምትነካ አይደለችም።

አንዲት የማውቃት ልጅ በኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ትኖራለች። ሥራዋ ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ለውጪ ደንበኞች ዲዛይን ትሠራለች፤ የቤቱ ኪራይም የሚከፈለው ከዚያ ነው። አንድ ዓርብ ከሰዓት ኔት ዘገየ። ወንድም እህቱን ሊረዳ ብሎ መርፌውን ያዘ። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ዩዘርኔም መጠየቅ ጀመረ፤ ቤት ውስጥ ዩዘርኔም የሚያውቅ ሰው የለም። መስመሩን ያስገባው ልጅ ሲያስገባ ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዙሮ ነበር የሞላው። ስልኩ ዝግ ነው። የጥሪ ማዕከል ሲደወል ወረፋ፣ ከወረፋው በኋላ «ሰኞ ባለሙያ ይመጣል»። ልጅቱ ቅዳሜና እሑድን በስልክ ጥቅል፣ ፋይል እየቆራረጠች ስትልክ ከረመች። ባለሙያው የመጣው ረቡዕ ነው። የሠራው ሥራ ሁለት መስመር መጻፍ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልወሰደበትም።

ጥፋቱ የወንድምዬው ነው ትሉ ይሆናል። እኔ አልልም። ልጁ ያደረገው ዩቲዩብ ላይ ያሉት ቪዲዮዎች ሁሉ «አድርግ» የሚሉትን ነው። ጥፋቱ ሁለት መስመር ጽሑፍ ከሚከፍለው ሰው ቤት ውጪ መቀመጡ ነው። ይህ አካሄድ አንድ ትንሽ ገበያም ፈጥሯል። መስመር ያስገባው ልጅ «ችግር ካለ ደውሉልኝ» ብሎ ቁጥሩን ትቶ ይሄዳል፤ በተጠራ ቁጥር የታክሲ፣ የሻይ ይሰጠዋል። እሱንም አልወቅሰውም፤ ቁልፍ ያዥ ያደረገው አሠራሩ ነው። ግን የቤታችሁ ቁልፍ ሁልጊዜ ሌላ ሰፈር ባለ ሰው ኪስ ውስጥ ቢሆን ዝም ትሉ ነበር? በተለይ አንድ መስመር ሦስት አራት ተከራይ በሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ስትኖሩ፣ የአንዱ መርፌ የሁሉንም ሳምንት ይበላል።

«ፓስዎርዱ ለደንበኛ ከተሰጠ ይባክናል፣ ለሌላ ይሰጡታል፣ ሳጥኑንም ያበላሹታል» የሚል ክርክር እሰማለሁ። በማበላሸቱ ልጀምር። አሁንም እያበላሸን ነው፤ ልዩነቱ ማስተካከል የማንችል መሆናችን ብቻ ነው። ለሌላ ይሰጡታል ለሚለው ደግሞ መላ አለው፤ አገልግሎት ሰጪ አንድን ዩዘርኔም ከአንድ አካላዊ መስመር ጋር ሊያስር ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ፓስዎርዱ ሌላ ቤት ቢሄድ አይከፍትም።

ይህ እንግዳ ሐሳብም አይደለም። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1 ቀን 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ ደንበኛው የራሱን ራውተር የመምረጥ መብት ሰጥቶታል። ሕጉ ላይ እኔን የማረከኝ ግን ሌላኛው አንቀጽ ነው። አገልግሎት ሰጪው ለመስመሩ የሚያስፈልገውን የመግቢያ መረጃ ውል ሲፈረም በጽሑፍ፣ ሳይጠየቅና ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሦስት ቃል ናት፤ በጽሑፍ፣ ሳይጠየቅ፣ በነፃ። የእኛ አገር ደንብ አውጪዎች ይህችን ብቻ ቢቀዱ ሌላ ምንም አልጠይቅም ነበር።

ጀርመን ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያው ዓመት በኅዳር ማለቂያ ላይ የዶይቸ ቴሌኮም 900,000 ያህል ደንበኞች ኢንተርኔት ተናጋባቸው። ምክንያቱ ደግሞ የበር ጉዳይ ነበር። ድርጅቶች ሳጥኖችን ከርቀት የሚያስተካክሉበት መግቢያ ለውጪው ዓለም ክፍት ሆኖ ተገኝቶ ነበር፤ ተንኮለኞች በዚያ አንኳኩ። ለደንበኞች የተሰጠው ምክርም ነቅላችሁ ጠብቃችሁ ሰኩት የሚል ነበር፤ ሳጥኑ ሲነሣ የተስተካከለውን ሶፍትዌር ከማዕከል ይቀበላል። ያንን ጥቃት የሰነዘረው «ሚራይ» የተባለው ሶፍትዌር ዝርያ ነው። የመጀመሪያው ሚራይ እዚያው 2016 ላይ ካሜራና ራውተር እየሰበሰበ ትልልቅ ድረ ገጾችን ሲያንበረክክ፣ የተጠቀመበት ብልሃት ቢበዛ የሕፃን ነበር። ከፋብሪካ ሲወጡ የሚሰጡ 60 ገደማ የዩዘርኔምና የፓስዎርድ ጥንዶችን በተራ መሞከር። አድሚን፣ አድሚን። ሩት፣ 12345። ገባ። ሚራይ ሜሞሪ ላይ ብቻ ስለሚቀመጥ ሳጥኑ ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል፤ ፓስዎርዱ ካልተቀየረ ግን ወዲያው ተመልሶ ይመጣል።

ይህን ያነሣሁት ከቀዳዳዋ ጋር ስለሚገናኝ ነው። ሪሴት ስታደርጉ የሴቲንጉ መግቢያም ወደ ፋብሪካው ፓስዎርድ ይመለሳል። ኔት ሲመለስ ሁሉም ሰው ወደ ቲክቶኩ ይሮጣል፣ ያን ፓስዎርድ የሚቀይር የለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 29 ቀን 2024 ጀምሮ ሁሉም ሳጥን ላይ አንድ ዓይነት የሆነ የፋብሪካ ፓስዎርድ ይዞ መሸጥን በሕግ ከልክላለች። እኛ ጋ ሕጉ እስኪመጣ እናንተው መቀየር ትችላላችሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሁሉም በስልክ ይሠራል። የሞባይል ዳታችሁን ዝጉ፤ ካልዘጋችሁት ስልኩ ዋይፋዩ ኔት እንደሌለው ሲያይ በዳታው ይወጣና የሳጥኑን ገጽ አያገኘውም። ብዙ ሰው «አልከፍት አለኝ» የሚለው በዚህ ነው። ብራውዘር ላይ ከሳጥኑ ሥር የተጻፈውን አድራሻ ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ አንዳንዱ 192.168.0.1 ወይም 192.168.100.1 ነው። ይህ ቁጥር የቤት ውስጥ አድራሻ ስለሆነ ኢንተርኔት ባይኖርም ይከፍታል። ገብታችሁ የ«ዋን»ን ገጽ ፈልጉ፤ ምንም ሳትነኩ ከላይ እስከ ታች ስክሪንሾት አንሡ። ዩዘርኔሙን ታገኛላችሁ፤ ፓስዎርዱ በነጠብጣብ ተሸፍኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ ኔት እየሠራ ሳለ፣ ዛሬ፣ ለአገልግሎት ሰጪያችሁ ደውላችሁ ወይም ሄዳችሁ ጠይቁ። «ባካፕ» የሚል ካገኛችሁም ፋይሉን አውርዱት፤ ከሪሴት በኋላ መልሶ መጫን ይቻላል። ያገኛችሁትን በቴሌግራም «ሴቭድ መሴጅ» ላይ ብቻ አታስቀምጡት። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከመብራት ደረሰኙና ከቤት ውሉ ጋር አድርጉት።

ስትነካኩ የሚያስደነግጡ ሁለት ነገሮች አሉ። የዋይፋዩን ስም ወይም ፓስዎርድ ቀይራችሁ «ሴቭ» ስትሉ ገጹ ይሞትባችኋል። አልተበላሸም፤ የቆማችሁበትን ቅርንጫፍ ነው የቆረጣችሁት። የገባችሁበት በር ራሱ ስለተቀየረ ስልኩ ተባሯል። በአዲሱ ስም መልሳችሁ ግቡ። እዚህች ጋ ደንግጦ መርፌ የሚያነሣ ሰው አይቻለሁ።

ሁለተኛው ከመርካቶ ሌላ ራውተር ገዝታችሁ መኝታ ቤት ድረስ ዋይፋዩን ልታስረዝሙ ስትሞክሩ የሚመጣው ነው። ሁለቱም ሳጥኖች 192.168.1.1 ነኝ ካሉ፣ አዲሱ ሳጥን «ውጪው» እና «ቤቱ» አንድ አድራሻ ሆነውበት ግራ ይጋባል፤ ዋይፋይ ይሰጣል፣ ኔት ግን የለም። ሁለት ቤት አንድ ቁጥር ለጥፈው ፖስተኛው እንደሚቸገረው ነው። የአዲሱን አድራሻ 192.168.2.1 አድርጉት፤ ገጹ ሲጠፋ አትደንግጡ፣ በአዲሱ ቁጥር ክፈቱት። ሳጥኑ አልተበላሸም፣ ሻጩም አልሸወዳችሁም።

ትልልቆቹ መሐንዲሶችም ከዚህ አያመልጡም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ገደማ ከዓለም ጠፍተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ድርጅቱ ራሱ እንደገለጸው፣ በመደበኛ ጥገና ወቅት የተሰጠ አንድ ትዕዛዝ የመረጃ ማዕከላቱን የሚያያይዘውን የጀርባ አጥንት መስመር በሙሉ አወረደው። መሐንዲሶቹ ከርቀት ገብተው እንዳያስተካክሉ መግቢያቸውም በዚያው ኔትወርክ ላይ ነበር። በአካል መሄድ ግድ ሆነባቸው።

በዚህ ሙያ ውስጥ ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቀን ስለሚያውቁት መመለሻ ሳያዘጋጁ በር አይነኩም። በጁኒፐር ራውተር ላይ አንድ ለውጥ አድርገህ «አጽድቄዋለሁ» ብለህ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካላረጋገጥክ፣ ማሽኑ በራሱ ወደ ቀድሞው እንዲመለስ ማዘዝ ይቻላል። ማይክሮቲክም ግንኙነቱ ከተቋረጠ ለውጡን የሚሰርዝ አሠራር አለው። የቤት ራውተር ሠሪዎች ይህን ለእኛ ለምን እንደነፈጉን አይገባኝም፤ ከባለሙያው ይልቅ የሚያስፈልገው ለኛ ነበር። እስኪሰጡን የእኛ መመለሻ ያቺ ወረቀት ናት።

አዲስ መስመር ልታስገቡ ያሰባችሁ ደግሞ ከሁላችንም የተሻለ ዕድል አላችሁ። ባለሙያው ኬብሉን ጎትቶ ሲጨርስ፣ ሳጥኑን ሞልቶ «ሠርቷል» ሲል፣ ወዲያው አትሸኙት። ደብተር ስጡትና ዩዘርኔሙን፣ ፓስዎርዱንና የሞላውን ቁጥር ሁሉ በእጁ ጻፍልኝ በሉት። ከዚያ እሱ እዚያው ቆሞ ሳለ መርፌውን አምጡና ቀዳዳዋን ራሳችሁ ተጫኑ። ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ሲነሣ በስልካችሁ ገብታችሁ ከደብተሩ እያያችሁ ሙሉት። ካልሠራ የተሳሳተው ፊደል የቱ እንደሆነ አጠገባችሁ የሚነግራችሁ ሰው አለ። ቡና ቢጠጣ ቢጠጣ ሃያ ደቂቃ ነው።